ቢጫው እስከ አስራ አንድ አይከፈትም

ጉም ውስጥ ቤቷ ስለጠፋባት ድመት የሚተርከውን መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። አናውቀውም የምትሉ ካላችሁ ታናናሾቻችሁን ጠይቁ፤ ወይም የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ጀርባው በፕላስተር የተጣበቀውን ፈልጉ፣ እሱ ነው። እንግዲህ የዚያን መጽሐፍ ቀለም ከጥፋት ያዳንኩት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ላይ ያለው የአክስቴ ስም ነው፤ ይሁን፣ አልቀናም። ግን አስራ አንደኛውን ገጽ ግለጡ። ድመቷ በመጨረሻ የምታገኘው ቢጫ በር አለ አይደል? መሃሉ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አንዲት ግራጫ ነጥብ አለች። የኔ አውራ ጣት ናት። በሰባት ዓመቱ የጣት አሻራውን በመጽሐፍ ያሳተመ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን አስራ ስድስት ሞልቶኛል። ትልቅ ሰው ነኝ ማለት ነው፤ እማዬ በዚህ ባትስማማም። ስለዚህ ያኔ የሆነውን ከነጉድለቴ መናገር አይከብደኝም። ጉድለት ካገኛችሁ።

ያኔም እንደ አሁኑ እማዬ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የኋለኛው ክፍል የአክስቴ ነው። አክስቴ የእማዬ ታናሽ ናት። ሰው ሁሉ እታለም ይላታል፤ እማዬ ግን እንደ ቀኑ ሁኔታ «አንቺ»፣ «አንቺ ልጅ»፣ ነገር ሲከር ደግሞ «አንቺ ሠዓሊ» ትላታለች። እኔን ሁለቱም ቁንጫ ይሉኛል። አንድ ቦታ ስለማልቀመጥና ስለምነክስ ነው አሉ። ድሮ እነክስ ነበር፤ ትቻለሁ።

እታለም ሥራዋ ስዕል ይሁን እንጂ ማንም የማያውቃት ዓይነት ሠዓሊ ነበረች። የሳሙና ካርቶኑ ላይ አረፋ ለብሳ የምትስቀው ሕፃን የእሷ ናት። የሳይንስ መጽሐፋችን ውስጥ ሆዱ ተከፍቶ በጀርባው የተኛው እንቁራሪትም የእሷ ነው። ሳሙና ላይ ግን የሠዓሊ ስም አይጻፍም፤ እንቁራሪትም ሆዱ ላይ ፊርማ አይቀበልም። የድመቷ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የእሷ የሚሆን የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። አስራ ሁለት ገጽ፣ ሽፋኑ ላይ ስሟ። ስትተኛም ስትነሳም ስለ እሱ ነበር የምታወራው፤ እማዬ «ይቺ ድመት ቤቷን ሳታገኝ እኛ ቤታችንን ለቀን እንሄዳለን» እስክትል ድረስ።

መጽሐፉን የሚያሳትመው ድርጅት ሰውዬ አንድ ሰኞ ቀን መጣ። እኔ ባለ ቦርሳው ነበር የምለው፤ ሊወልድ የደረሰ የሚመስል ቦርሳ ስለሚይዝ። በሩ ሥር ቁጭ ብዬ የእማዬን ቁራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ አዳመጥኩት።

«እርሳሱ ጥሩ ነው» አለ። «የሚያሳስበኝ ቀለሙ ነው። ልጆች ቀለም ይወዳሉ። አንቺ ደግሞ አስር ገጽ ሙሉ ጉም ይዘሽ ነው የመጣሽው።»

«ጉሙን ለኔ ይተዉልኝ» አለች እታለም።

«የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እመጣና የቀለም ዕቅዱን አያለሁ። ካላሳመነኝ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እንዳትቀየሚኝ።»

«ኧረ ለምን እቀየማለሁ» አለች እታለም። ድምፅዋ ግን ያኔውኑ ተቀይሞ ነበር።

ሰውዬው ሲወጣ እጁን ጨበጠችው፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያም በሩን ተደግፋ ቆመች። «ቁንጫ፣ ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው?» አለችኝ። በጣቴ ቆጠርኩላት። አስር ቀን። ሁሉም ጣቶቼ አለቁ፤ ያ ራሱ አስደነገጠኝ።

በነጋታው እታለም ወለሉ ላይ ተንጋለለች። ታሪኩ የተጻፈበትን ወረቀት ደረቷ ላይ አድርጋ ጣሪያውን ታያለች። ቀለም የለ፣ እርሳስ የለ። እማዬ ክር ፍለጋ ገባችና ተራምዳት አለፈች።

«ሥራ የለሽም እንዴ?»

«እየሠራሁ ነው።»

«ተኝተሽ?»

«ተኝቼ።»

«ታድለሽ። እኔም ቀሚሱን ተኝቼ ልስፋው» አለችና ተመልሳ ተራመደቻት።

በሦስተኛው ቀን ተነሳች። የክብሪት ሳጥን የሚያካክሉ አስራ ሁለት ሳጥኖች አንድ ወረቀት ላይ አሰመረች። ሦስት ብርጭቆ ደረደረች፤ በአንዱ የሳሳ ግራጫ፣ በአንዱ መካከለኛ፣ በአንዱ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ። ከዚያ አስራ ሁለቱንም ሳጥን በእነዚህ ሦስት ግራጫዎች ብቻ ቀባች። ድመቷም ግራጫ፣ ቤቱም ግራጫ፣ ዛፉም ግራጫ።

«ቀለሙስ?» አልኳት።

«ተራውን ይጠብቃል።»

እና እየቀባች ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። እንደ መርፌ ቀዳዳ ታጠብበዋለች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ትስባለች፤ እንደገና ታጠብበዋለች። ወደ ግድግዳው ሄዳ ከሩቅ ታያለች። ወረቀቱን ገልብጣ፣ ድመቷን በጀርባዋ አስተኝታ ታያለች። ይባስ ብሎ መስታወት አምጥታ ለመስታወቱ ጀርባዋን ሰጥታ በትከሻዋ ላይ መስታወቱ ውስጥ ታያለች። በሰላም ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ስዕል!

እማዬ ከበሩ ላይ ሆና ተመለከተቻት። «አንቺ ሠዓሊ፣ ዓይንሽን እንዲህ ስትጨምቂው ውለሽ ኋላ እንደ አባባ እንዳትሆኚ።»

ጆሮዬ ቆመ። አባባ የሁለቱ አባት ነው። እኔ አልደረስኩበትም፤ ግን ታሪኩን አውቃለሁ። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ደክሞ፣ ኮቱን ሚስማር ላይ የሰቀለ መስሎት ቆሞ በነበረ እንግዳ ትከሻ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። እንግዳውም ሰው አክባሪ ስለነበር ኮቱን ይዞ ቆሞ አመሸ።

በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። እታለም ዓይኗ እየጠፋ ነው። ለዚህ ነው ሁሉን ነገር ግራጫ የምትቀባው፤ የሚታያት እሱ ነዋ!

(አሁን ዓይኔን ማጥበብ እኔም እችላለሁ። ሞክሩት፤ ዓይናችሁን ጨፈን ስታደርጉ ቀሚሱ ቀይ መሆኑ፣ ሣሩ አረንጓዴ መሆኑ ይደበዝዝና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። ሠዓሊ የሚፈልገው መጀመሪያ እሱን ነው። ያኔ ግን ማን ነግሮኝ።)

ጥርጣሬዬን ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጸናው። እታለም ሙከራ ነው ብላ አንድ ባለ ቀለም ካርድ ሠርታ ነበርና ይዛኝ ሄደች። ማሽኑ ላይ የሚቆመው ሰው ካርዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«እትዬ፣ ባለ ቀለሙን በጥቁርና ነጭ?»

«አዎ።»

«ቀለሙ ሁሉ ሊጠፋ እኮ ነው።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አለች። «ሲጠፋ ነው ቀለሙ ልክ መሆኑን የማውቀው።»

ሰውዬው እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። ምንም ሳንነጋገር ሁለታችንም አዘንን። ስንወጣ ከመሳቢያው ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለሐዘንተኛ እንደሚሰጥ ዓይነት፣ በሁለት እጁ።

ዛሬ እኔው ነኝ ቅዳሜ ቅዳሜ የእታለምን ካርዶች እዚያ ቤት የምወስደው። ሰውዬው ያው ነው፤ ከረሜላው ግን ቀርቷል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀይ ድመት አረንጓዴ ግድግዳ ላይ ስትቀመጥ በጣም የምትታይ ትመስላለች። ኮፒ ስታስነሷት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ድመቷ ግድግዳው ውስጥ ትሰምጣለች። በግራጫ ያልቆመ በቀለም አይቆምም። ይሄ የእታለም አባባል ነው፤ እኔ በሷ ፊት የራሴ አድርጌ እናገረዋለሁ።

ወደ ቢጫው ልምጣ። እታለም ለዚያ መጽሐፍ አምስት ቱቦ ቀለም ብቻ ነበር የመረጠችው። ሌሎቹን ሁሉ በጫማ ካርቶን አድርጋ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለቻቸው፤ «እንዳይፈትኑኝ» ብላ። ከአምስቱ መካከል ቢጫው ቱቦ ላይ ወረቀት ጠቅልላ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «እስከ 11 አይከፈትም።»

ከዚያ በኋላ ካርዶቹን ሠራች። አስራ ሁለት ካርድ፣ የመዳፌን ያህል። ስዕል የለባቸውም፤ ድመቷም ቤቱም የቀለም እድፍ ብቻ ናቸው። ከእማዬ ክር ወስዳ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠረችና በልብስ መቆንጠጫ አንጠለጠለቻቸው። ተራ በተራ አየኋቸው። አንደኛው ሰማያዊ ግራጫ። ሁለተኛው ግራጫ ሰማያዊ። ሦስተኛው ቡናማ የነካው ግራጫ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ አስር። ታሪኩ ውስጥ ፀሐይ አለች፤ ካርዱ ላይ ነጭ ናት። የመንገድ መብራት አለ፤ ነጭ ነው። ድመቷ መስኮት ላይ የምታያት ጫጩት እንኳ አመድ መስላለች። አስራ አንደኛው ላይ ግን ዓይን እስኪያሳውር ቢጫ ብቻ! አስራ ሁለተኛው ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ረጋ ያለ ቢጫ።

ለእኔ ግልጽ ነበር። ቀለሞች አንድ በአንድ እየከዷት ነው፤ መጀመሪያ የከዳት ቢጫው ነው። አስራ አንደኛው ላይ በዳበሳ ሁሉንም አንድ ላይ ደፍታዋለች።

ቢሆንም በሰው ላይ ያለማስረጃ አልፈርድም። ከወጥ ቤት ሎሚ አመጣሁ።

«እታለም፣ ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ሎሚውን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ዓይኗን አጠበበች። የመዋዕለ ሕፃናት ጥያቄ ነው እኮ የጠየቅኳት።

«ከሥሩ፣ ጥላው ጋ አረንጓዴ ነው» አለች። «እዚህ፣ ብርሃን የመታው ነጭ ነው። ይሄ ጎኑ ደግሞ ከቀሚስሽ ቀይ ሰርቋል፤ ወደ ብርቱካን ይሄዳል።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ…» አሰበች። «ይቺን የምታክል ቢጫ አለች።» የትንሽ ጣቷን ጥፍር አሳየችኝ።

ልቤ ስንጥቅ አለ። የቀረችላት ቢጫ የጥፍር ያህል ናት።

«ግድግዳውስ?» አልኩ።

«ጠዋት ሰማያዊ ነበር። አሁን ሐምራዊ ነገር ሆኗል፤ አይመስልሽም?»

ግድግዳችን ነጭ ነው። እማዬ በገዛ እጇ በኖራ የቀባችው ነጭ።

«ይመስለኛል» አልኳት፤ የታመመ ሰው አይቃረኑትም። ሎሚውን ይዤ ወጥቼ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ አለቀስኩ። ለእማዬ ልንገራት አልኩ፤ ተውኩት። እማዬ ከሰማች እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ትወስዳታለች፣ ሐሙስ ያልፋል፣ ባለ ቦርሳው መጽሐፉን ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እታለም ወደ እንቁራሪቱ ሆድ ትመለሳለች። ቁንጫ ወሬ አይቆይላትም ይሉኛል። ያንን ምስጢር ግን አራት ቀን ሙሉ ያዝኩት። ሆዴ እስኪነፋ።

ሐሙስ ጠዋት እታለም ሁለት ጊዜ ፀጉሯን ሠራች፤ ሁለት ጊዜ አፈረሰች። ረቡዕ ያስነሳቻቸውን የካርዶቹን ፎቶ ኮፒዎች በክላሰር አድርጋ በብብቷ ሸጎጠች። ባለ ቦርሳውን ከአውቶቡስ ፌርማታ ልትቀበለው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ብቻውን ሲመጣ ጠፍቶ ጎረቤታችን ያለው የጥርስ ሐኪም ጋ ተራ ይዞ ነበር የተገኘው።

«ቁንጫ፣ ምንም እንዳትነኪ» አለችኝ።

«እሺ።»

«እሺ ስትዪ ዓይኔን እያየሽ።»

ዓይኗን አየሁት። ምስኪን ዓይን። «እሺ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

በሩ እንደተዘጋ ወንበር ላይ ወጣሁ። በፊተኛው ክፍል የእማዬ የስፌት መኪና ጠጠጠጠ እያለ ነው። ቢጫውን ቱቦ አነሳሁ። ማንበብ እችላለሁ፤ ከክፍል ሦስተኛ ነኝ። «እስከ 11 አይከፈትም» ይላል። የሽሮፕ ጠርሙስ ላይም ሕፃናት አይንኩ ይላል፤ ሲያመኝ ግን ይሰጠኛል። ከፈትኩት።

አንደኛው ካርድ ላይ ሳህን የሚያህል ፀሐይ አደረግኩ። ሁለተኛው ላይ መስኮቶቹን ሁሉ አበራሁ። ሦስተኛው ላይ ድመቷ የት እንዳለች ስላላወቅኩ ይሆናል ባልኩበት ሁሉ ድመት አደረግኩ። ለጫጩቷ ሁለት እጥፍ ሰጠኋት፤ ብዙ ተበድላለች። ከአምስተኛው በኋላ ብሩሹ አዘገየኝና በጣቴ ገባሁበት። አስረኛው ላይ ስደርስ ቱቦው ተጨምቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። የኔ ጌታ! ክሩ ላይ አስር ፀሐይ ወጥቷል። ማን ነው አሁን እታለም ቢጫ አይታያትም የሚል?

የቀረው አስራ አንደኛው ነው፤ እታለም ሳታየው ያጎረፈችው። እዚያ ላይ ደግሞ መቀነስ ያስፈልጋል። መካከለኛው ግራጫ ብርጭቆ ውስጥ አውራ ጣቴን ነከርኩና መሃሉ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አተምኩ። እንደዚያ እያልኩ ልሸፍነው አስቤ ገና ጣቴን ሁለተኛ ስነክር የግቢው በር ሲጢጥ አለ።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

የጠረጴዛው ጨርቅ ወለሉ ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ይቀረዋል፤ ስለዚህ የታየኝ ጫማ ብቻ ነው። መጀመሪያ የእታለም ነጠላ ጫማ ገባ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ደረቀ። ጣቶቿ ጫማው ውስጥ ሲጨማደዱ አየሁ። ከዚያ የባለ ቦርሳው ጥቁር ጫማ፤ ፊት የሚያሳይ፣ ያን ቀን የተጠረገ።

የእማዬ መኪና እንኳ የቆመ መሰለኝ። ከላይ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

«እም» አለ ባለ ቦርሳው። ጫማው በክሩ ሥር አንድ እርምጃ ሄደ። «እም።» ሌላ እርምጃ። ስድስተኛው ካርድ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከላይ አንዲት ጠብታ ቢጫ ወርዳ ጫማው አፍንጫ ላይ ጠብ አለች። እሱ አላየም። እኔ አየሁ፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ጫማው ቀጠለ። ከክሩ ጫፍ አጠገብ ቆመ።

«አስር ገጽ ሙሉ ትንፋሼን ይዤ መጥቼ» አለ በቀስታ፣ «እዚህ ጋ ለቀቅኩት።»

አውራ ጣቴን አየኋት። ግራጫ ነበረች። ሳምኳት።

«እነዚህ ክሩ ላይ ያሉትስ?» አለ። በአድናቆት ነበር።

«እነሱ…» አለች እታለም። «እነሱ ገና ናቸው። አልደረቁም።»

«ይድረቁ፣ ይድረቁ። እኔ ያየሁት ይበቃኛል። በዚሁ ቀጥይ። መጽሐፉ ያንቺ ነው።»

ቢጫ ነጥብ ያለው ጫማ ወጣ። ባዶ እግሩን የሆነ ድል ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ቀረ።

እታለም ሸኝታው ተመለሰች። ጨርቁ ተገለጠ፤ ፊቷ ወደታች ተዘቅዝቆ መጣ።

«ውጪ።»

ወጣሁ። እስከ ክርኔ ቢጫ ነኝ።

«ለምን?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ዓይንሽ እንዳይታወቅብሽ ብዬ።»

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ቢጫ አይታይሽም። ሎሚውን ወድቀሻል።» ያን ጊዜ አራት ቀን የያዝኩት ሁሉ ፈነዳ። ግራጫውን፣ መስታወቱን፣ ፎቶ ኮፒውን፣ የአባባን ኮት፣ ሐምራዊውን ግድግዳ፣ ሁሉንም በለቅሶና በንፍጥ አንድ ላይ ዘከዘክኩት። «እኔ እየመራሁሽ እንሠራለን» አልኳት በመጨረሻ። «ለማንም አልናገርም።»

እታለም ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እማዬ መቀስ እንደያዘች ሮጣ ገባች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ሎሚውን ወድቄያለሁ» አለች እታለም ከእጇ ሥር።

እኔ ስላዳንኳት በደስታ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እየሳቀች እንደነበር እገምታለሁ። እማዬን ብጠይቃት ደግሞ «ሁለቱንም ነው፤ ያቺ ለቅሶና ሳቅ አይለይላትም» አለችኝ። እንግዲህ ያንን ለእማዬ እተወዋለሁ።

ሲረጋጋላት እታለም አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ዓይንሽን እንደ እኔ ጨፈን አድርጊ» አለች። አደረግኩ። «አሁን ክሩን እዪ። ድመቷ የት አለች?»

አየሁ። ፀሐዩም፣ መስኮቱም፣ ጫጩቱም አንድ ላይ እየተጯጯሁ ነበር። ድመቷ የትም የለችም።

«የለችም» አልኩ።

«በሩስ?»

አስራ አንደኛውን ፈለግኩ። ከአስሩ መለየት አቃተኝ። ከሁሉም ጋር አንድ ሆኗል።

«ሁሉም ከጮኸ ማን ማንን ይሰማል?» አለች። «ድመቷ አስር ገጽ ሙሉ ቢጫ መፈለግ አለባት። አንቺም መፈለግ አለብሽ። ተርበሽ ተርበሽ በሩ ጋ ስትደርሺ…» እጇን እንደ በር ከፈተችው።

ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር፤ ግን ተርቤ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ አስሩን ካርድ እንደ አዲስ ሠራች። እኔ ቅጣቴ ብርጭቆ ማጠብና ውሃ መቀየር ሆነ። አስራ አንደኛዋን ካርድ ግን ከክሩ ላይ አውርዳ በመስኮቱ ብርሃን ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ዓይኗን አጠበበች፤ ገልብጣም አየቻት። «ይቺን አልደግማትም» አለችና መልሳ አንጠለጠለቻት። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ማንም ሊያስክደኝ አይችልም። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ መጀመሪያ የገለጥኩት ያንን ገጽ ነው። ነጥቧ ቦታዋ ላይ ነበረች።

ይሄን ሁሉ የማወራችሁ ባለፈው ቅዳሜ የሆነ ነገር ስላለ ነው። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም መሆኑን ሰማሁ። እታለም ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ ለሌላ መጽሐፍ ሦስት ግራጫ ትደባልቃለች። ቀስ ብዬ ገባሁ።

«እታለም፣ መታተሙ ካልቀረ ስሜ ይግባ።»

«የት?»

«ከሽፋኑ ውስጥ። የቀለም አማካሪ ቢባል ይበቃኛል። በትልልቅ ፊደል አልልም።»

ብሩሿን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ጠረገች።

«ሰውዬውን ያሳመንኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አስር ገጽ ትንፋሼን ይዤ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«የሰማሽው ክላሰሩን ሲያነብ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ከፌርማታው ጀምሮ ኮፒዎቹን እያገላበጠ ነው የመጣው። አስሩ ግራጫ፤ አስራ አንደኛው ኮፒ ላይ ብቻ ቢጫ ቀብቼበት ነበር። እዚህ ክፍል ሲገባ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።»

«ክሩን ግን ጠይቋል!»

«ጠየቀ። እንቁላል የተደፋበት መስሎታል፤ ጨዋ ስለሆነ አላለም እንጂ።»

ጆሮዬ ጋለ። «ታዲያ የኔ ቢጫ ምንም አልሠራም ነው የምትይኝ?»

«ሠርቷል እንጂ። የሰው ጫማ አበላሽቷል። በየሄደበት ማን እንደቀባው ሲጠይቅ ነበር አሉ።»

እንዲህ በቀላሉ የምሸነፍ መሰላት። ሄጄ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ አስራ አንደኛውን ገጽ ገልጬ አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩላት። ቢጫው በር ክፍሉን አበራው። ጣቴን ነጥቧ ላይ አደረግኩ።

«እሺ ይቺስ? ይቺን አልደግማትም ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ይቺ የማን ናት?»

እታለም አሁን ቀና አለች። ዓይኗን አጠበበች። በሩን አየች፣ ነጥቧን አየች፣ አውራ ጣቴን አየች።

«ቁንጫ» አለች፣ «እሷ የቁልፍ ቀዳዳ ናት።»